መቼ ትጮኻለች?
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ሰብሳቢያችን «ስለ መኪና ድምፅ ተናገሪ» ስትለኝ መጀመሪያ ሳቅኩ። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ሜካኒክ አይደለሁም። እሷ ግን «የምንፈልገው የሜካኒክ ትምህርት አይደለም፤ አንቺ ላይ የደረሰውን ንገሪን» አለችኝ። ስለዚህ የምነግራችሁ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ስህተት ሠርቼ የተማርኩትን ነው። ብልህ ከሌላው ስህተት ይማራል ይባላል፤ ዛሬ እናንተ ብልሆች ሁኑ፤ የሌላውን ድርሻ እኔ ወስጄዋለሁ።

መኪናዋን የገዛሁት ለሥራ ነው። ሞጆ፣ መቂና ባቱ ሂሳባቸውን የምሠራላቸው ደንበኞች አሉኝ። በሚኒባስ ስመላለስ ግማሽ ቀኔ መናኸሪያ ውስጥ ያልቅ ነበር። የደረሰኝን ዕቁብ፣ ያጠራቀምኩትንና ከማኅበራችን የተበደርኩትን 80,000 ብር አንድ ላይ አድርጌ ያገለገለች ቪትዝ ገዛሁ። ለብድሩ ዋስ የሆኑኝ ሁለት እህቶች እዚሁ ተቀምጠዋል። ይህን የማነሳው የመኪናዋ ጉዳይ የእኔ ብቻ እንዳልነበር እንድታውቁልኝ ነው። እኔ መክፈል ቢያቅተኝ ጥሪው ወደ እነሱ ይሄዳል።

የአሮጌ መኪና ዋጋ ለምን እንዲህ እንደተሰቀለ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ፣ ቁጥር 1186/2012፣ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ታክሱን በዕድሜያቸው እየጨመረ እንዲከብድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያሉት እነዚያው መኪናዎች ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። እያንዳንዱ ገዢ የሚረከበው መኪናውን ብቻ ሳይሆን ከእሱ በፊት የነበሩት ሁሉ ያላሠሩትን ብልሽት ጭምር ነው። በእኛ ሙያ ቋንቋ፣ መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ዕዳ ማለት ነው።

ልገዛት ስሞክራት ደላላው አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ ከፈተ፤ መስኮቱን ዘጋ፤ ከቤት እስክንመለስ ድረስ ወሬ አላቋረጠም። ሞተሯም ስደርስ ሞቆ ነበር የጠበቀኝ። «ድምፅ የላትም፣ እንደ ፍሪጅ ናት» አለኝ። እውነትም ድምፅ አልሰማሁም። ለመስማት ዕድል አልተሰጠኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

በማግስቱ ብቻዬን ስነዳት መጮህ ጀመረች። ከበሩ ውስጥ ቅጭልጭል፣ ከፊት እንግዳ የሆነ እምምታ፣ ሳጠፋት ደግሞ ከኮፈኑ ሥር ቲክ ቲክ። ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቅጭልጭሉ በበሩ ኪስ ውስጥ የተረሳ የአንድ ብር ሳንቲም ሆኖ ተገኘ። ቲክ ቲኩ ደግሞ የጋለ ብረት ሲቀዘቅዝ የሚያሰማው ድምፅ ነው፤ በአዳማ ሙቀት ማንኛዋም መኪና ታሰማዋለች። ታዲያ እነዚህ ሁለቱ ከንቱ ፍርሃት መሆናቸውን ሳውቅ ወደ ሌላው ጫፍ ሄድኩ፤ ማንኛውንም ድምፅ መናቅ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ስህተቴ ከዚያ መጣ።

ፍሬን ስይዝ ቀጭን ፉጨት የመሰለ ጩኸት መሰማት ጀመረ። ሳንቲሙን አስታውሼ «ይህም ያልፋል» አልኩና ሬዲዮውን ጨመርኩ። አዎ፣ ደላላው ያደረገውን እኔው ራሴ ደገምኩት። ሁለት ሳምንት ያህል እንዲህ ሄድኩ። ከዚያ ፉጨቱ ጠፋ። ዳነች ብዬ ደስ አለኝ። በቦታው የመጣው ግን ብረት ከብረት የሚፋጭበት ወፍራም ድምፅ ነበር፤ በሬዲዮው ምክንያት እሱንም በደንብ አልሰማሁትም።

አንድ ቅዳሜ እናቴንና ልጄን ይዤ ከወንጂ ስመለስ፣ አዳማ መግቢያ ላይ አንድ ባጃጅ ድንገት ፊቴ ገባ። ፍሬን ረገጥኩ፤ መኪናዋ አንገራገረች እንጂ ቶሎ አልቆመችም። ስትቆም በእኔና በባጃጁ መካከል አንድ ክንድ የማይሞላ ቦታ ቀርቶ ነበር። ከኋላ የተቀመጡት ሁለት ሕፃናት ዞረው አዩኝ። ማንም አልተጎዳም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እናቴ ምንም አላለችኝም። እጇን ዘርግታ ሬዲዮውን አጠፋችው።

ቆይቼ እንደተረዳሁት፣ በብዙ መኪናዎች የፍሬን ሸራ ላይ አንዲት ቀጭን ብረት ትገጠማለች። ሸራው ሲያልቅ ያቺ ብረት ዲስኩን እየነካች ሆን ብላ ትጮኻለች፤ «ቀይሩኝ» ማለቷ ነው። እኔ ማስጠንቀቂያውን በሙዚቃ ሸፈንኩት። ሸራው ጨርሶ አልቆ የሸራው ብረት ዲስኩን ቦረቦረው። በጊዜው ብሄድ ሸራ ብቻ እቀይር ነበር፤ ዘግይቼ ስሄድ ሸራም ዲስክም ቀየርኩ፤ ወጪው ሦስት እጥፍ ሆነ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። የደንበኛዬ ሂሳብ በአምስት ብር ቢጎድል እስካገኘው ድረስ ከወንበሬ የማልነሳ ሰው ነኝ። በራሴ መኪና ላይ ግን የጎደለውን እየሰማሁ መዝገቡን ዘጋሁት።

ሁለተኛው ስህተቴ የመጀመሪያው ተቃራኒ ነው። ከዚያ ድንጋጤ በኋላ ያ ከፊት የሚሰማው እምምታ ያስፈራኝ ጀመር። ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኳትና «ትጮኻለች» አልኩ። በቃ፣ ያልኩት ይህን ብቻ ነው። ሜካኒኩ ትንሽ ነድቶ ተመለሰና «ካምቢዮ ነው፤ መውረድ አለበት» አለኝ። ከነእጅ ዋጋው 65,000 ብር። ይህን ብከፍል የማኅበሩን ክፍያ ቢያንስ ለአራት ወር አቆማለሁ፤ ዋሶቼ ይጠራሉ። ሌሊቱን ሙሉ ስደምርና ስቀንስ አደርኩ።

በሰውየው ላይ ክፉ ቃል አልናገርም። ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ «አሞኛል» ብላችሁ ዝም ብትሉ ሐኪሙ ምን ያደርጋል? ይገምታል። በግምት የተጻፈ መድኃኒት ዋጋውን የምትከፍሉት ግን እናንተ ናችሁ። በሂሳብ ሥራ ትልቁ ኃጢአት መጠኑ ያልተጻፈበት ቼክ ላይ መፈረም ነው። ጋራዥ ገብቶ «ትጮኻለች» ማለትም እንደዚያው ነው፤ ቁጥሩን ሌላ ሰው ይሞላዋል።

ያዳኑኝ ጎረቤታችን ናቸው። ጋሼ ለሠላሳ ዓመት ያህል በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የነዱ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አጥራችን ሥር ተቀምጠው ጭንቀቴን ከሰሙ በኋላ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ መኪናን ምን ሆንሽ ብለሽ አትጠይቂያት፤ አትነግርሽም። መቼ ብለሽ ጠይቂያት።»

ማስታወሻ ደብተር ገዛሁ። እንደ ሂሳብ መዝገብ ዓምድ ዓምድ አድርጌ አሰመርኩት፦ ቀን፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው ወይስ ሞቋል፣ ፍጥነት፣ መንገዱ አስፋልት ነው ወይስ ኮረኮንች፣ ነዳጅ ስሰጥ ነው ወይስ እግሬን ሳነሳ፣ ፍሬን ስይዝ ነው ወይስ ስታጠፍ፣ ከየት በኩል ነው የሚመጣው። ከዚያ ሬዲዮውን አጥፍቼ ለአንድ ሳምንት መዘገብኩ።

መጀመሪያ ቆማ ሳለች ነዳጅ ሰጠሁ፤ ሞተሩ ሲጨምር እምምታው የለም። ስለዚህ ከሞተሩ አይደለም። ስነዳት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይጀምራል፤ 80 ስደርስ ጎልቶ ይሰማል፤ ነዳጅ ብሰጥም እግሬን ባነሳም አይለወጥም። ስለዚህ ድምፁ የሚከተለው የጎማውን መሽከርከር ነው። ፍሬን ስይዝም አይለወጥም። በመጨረሻ ከሞጆ ወደ መቂ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ ላይ ቁልፉን አገኘሁት። መንገዱ ልስልስ ስለሆነ ሌላ ድምፅ አያደናግርም። መንገዱ ወደ ግራ ሲታጠፍ እምምታው ይጎላል፤ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ይቀንሳል። ለጋሼ ስነግራቸው ፈገግ አሉ። መኪና ወደ ግራ ስትታጠፍ ክብደቷ ወደ ቀኝ ጎማ ያዘነብላል። ሸክም ሲጨመርበት የሚጮኸው የቀኙ ነው ማለት ነው። «ወይ ጎማው ነው፣ ወይ የቀኝ ፊት ኩሽኔታ ነው። መጀመሪያ ርካሹን አጣሪ» አሉኝ።

ጎሚስታ ዘንድ ሄጄ የፊቱን ጎማ ከኋላው ጋር አቀያየርኩ። ጎማው ቢሆን ድምፁ ወደ ኋላ ይዞር ነበር፤ አልዞረም። ከዚያ ደብተሬን ይዤ ወደ ሌላ ጋራዥ ሄድኩ። ሜካኒኩ አነበበውና ቀና ብሎ አየኝ። የቀኙን ጎማ በክሪክ አንስቶ በእጁ አሽከረከረው፤ ሌላ እጁን ሞላው ላይ አድርጎ የእኔንም እጅ አስነካኝ። ሻካራ ንዝረት ይሰማል፤ በግራው በኩል የለም። ኩሽኔታው አልቋል። ዕቃውና የእጅ ዋጋው አንድ ላይ 6,000 ብር። ካምቢዮው ዛሬም ያው ነው፤ አልተነካም። የዚያን ወር የማኅበሩን ክፍያ በቀኑ ከፈልኩ።

እህቶቼ፣ 59,000 ብር ያተረፈልኝ አንድ ደብተር ነው።

ስለ ቋንቋው አንድ ነገር ልበል። ጋራዥ ስንገባ የሚያስፈራን አንዱ ነገር ቃላቱ ናቸው። ግን አብዛኞቹ ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ አብረውን የኖሩ ናቸው፦ ፍሬን፣ ጎማ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቺንጋ፣ ኩሽኔታ፣ ጎሚስታውም ጭምር። ከጣሊያንኛ መጥተው አማርኛ ሆነዋል። «ዴቢት» እና «ክሬዲት» መጀመሪያ ሲሰሟቸው እንደሚያስፈሩት ነው፤ አሥር ቃል ካወቃችሁ ወሬው ይገባችኋል።

አሁን ከሁለቱ ሜካኒኮችና ከጋሼ የሰበሰብኩትን በሦስት መደብ ለይቼ ላቅርብላችሁ።

የመጀመሪያው መደብ «ቁሚ» የሚል ነው። ፍሬን ስትይዙ ብረት ከብረት የሚፋጭ ወፍራም ድምፅ ከሰማችሁ አትንዷት። ከሞተሩ ውስጥ፣ ነዳጅ ስትሰጡ የሚብስ፣ እንደ መዶሻ የሚደበድብ ጥልቅ ድምፅ ካለ አጥፏት። ከማንኛውም ድምፅ ጋር የዘይት ቀይ መብራት ከበራ፣ ቤት ለመድረስ አንድ ኪሎ ሜትር ቢቀራችሁም እንኳ ቁሙ። ያለ ዘይት የሚሄድ ሞተር በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ይበላል። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ ለመጎተቻ የምታወጡት ገንዘብ አይቆጫችሁ።

ሁለተኛው መደብ «በዚህ ሳምንት አሳዪኝ» የሚል ነው። የፍሬን ፉጨት እዚህ ይገባል። እንደ እኔው ያለ፣ በፍጥነት የሚጨምር እምምታም እዚህ ነው፤ ኩሽኔታ ጨርሶ እስኪላቀቅ አይጠበቅም። መሪውን እስከ መጨረሻው አጥፋችሁ ስትዞሩ ከፊት ቀጭ ቀጭ ቀጭ የሚል ካለ፣ ከካምቢዮ ወደ ጎማ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው መገጣጠሚያ ነው። እሱን የሚሸፍነው ላስቲክ ሲቀደድ ግራሶው ይወጣል፣ አቧራ ይገባል። የእኛ አካባቢ አቧራ እንዴት እንደሆነ አልነግራችሁም። ላስቲኩ ገና ሲሰነጠቅ ከታየ ወጪው ትንሽ ነው። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ስትወጡ ጓ የሚል ካለ ሾክ አብዞርበሩንና የመሪውን መገጣጠሚያዎች አስፈትሹ። ጠዋት ስታስነሷት ለአጭር ጊዜ የሚያፏጭ ብዙ ጊዜ ቺንጋ ነው፤ ላልቷል ወይም አርጅቷል። ከሞተሩ አናት ቀጭን ቲክ ቲክ ከተሰማ ሌላ ነገር ከማሰባችሁ በፊት ዘይቱን ለኩ፦ ሜዳ ላይ አቁማችሁ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ።

ሦስተኛው መደብ «አትደንግጪ» ነው። ዝናብ በጣለ ማግስት ጠዋት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ፍሬኖች ሸካራ ድምፅ ቢያሰሙ፣ ዲስኩ ላይ ያደረ ስስ ዝገት ነው፤ ይለቃል። ሞተር ካጠፋችሁ በኋላ የራዲያተሩ ማራገቢያ ለትንሽ ጊዜ ቢዞር፣ በአንዳንድ መኪናዎች የተለመደ ነው። ከኮረኮንች መንገድ ስትወጡ ድንገት ከጎማ በኩል የሚያስደነግጥ ፍጭት ቢሰማ፣ ዲስኩና ከኋላው ባለው ቆርቆሮ መካከል የገባች ጠጠር ልትሆን ትችላለች፤ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ስትነዱ አንዳንዴ ትወድቃለች። ካልወደቀች ግን ወደ ሁለተኛው መደብ ትሸጋገራለች።

ቪትዝ ለገዛችሁ ደግሞ አንድ የተለየ ነገር ላክል። ቪትዝ በዚህ ስሟ ለጃፓን ገበያ የተሠራች ናት። ጃፓን በግራ በኩል ስለሚነዳ መሪዋ መጀመሪያ በቀኝ ነበር፤ እዚህ በግራ ካገኛችኋት ተዛውሮ ነው። ያ ሥራ በጥንቃቄ ካልተሠራ ከዳሽቦርዱ ሥር የሚንኳኳ ነገር አይጠፋም። የፕላስቲክ ድምፅ ከሆነ አያሳስብም። መሪውን ስታዞሩ የሚንኳኳ ከሆነ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ አሳዩት።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልመለስ። ወደ መጀመሪያው ጋራዥ የሄድኩት ወንድሜን ይዤ ነበር። መኪናዋ የእኔ፣ ብሩ የእኔ፣ ድምፁን የሰማሁት እኔ፤ ሜካኒኩ ግን የሚያወራው ከወንድሜ ጋር ነው። ወንድሜ አንድም ቀን ነድቷት አያውቅም። እኔም ዝም አልኩ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እኔ 65,000 ብር ሊቀርብኝ ነበር። ወደ ሁለተኛው ጋራዥ ብቻዬን ሄድኩ፤ ደብተሩ አብሮኝ ነበር። ሜካኒኩ ያከበረኝ ስለጮኽኩ ወይም ስለተቆጣሁ አይደለም። እሱ ማወቅ የሚፈልገውን ነገር ይዤለት ስለሄድኩ ነው። ከዚያ ወዲህ «እህቴ፣ ደብተሩስ?» ሳይለኝ ኮፈን አይከፍትም።

እንግዲህ ለማኅበራችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ለመኪናም ሆነ ለባጃጅ መግዣ ብድር ከመፈቀዱ በፊት ተበዳሪዋ የሙከራ ቅጽ ትሙላ። ሻጩ ሞተሩን ሳያስነሳ እንዲጠብቃት ቀድማ ትንገረው፤ ስትደርስ ኮፈኑን በእጇ ትንካ፤ ከሞቀ ሌላ ቀን ትመለስ። ሬዲዮ ይጥፋ፣ መስኮት ይከፈት፣ ደላላው ከኋላ ይቀመጥ። በግድግዳ አጠገብ ቀስ ብላ ትንዳ፤ ግድግዳው ድምፁን ይመልስላታል። እስከ መጨረሻው አጥፋ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ትዙር፤ ጉብታ ላይ ትውጣ፤ ባዶ መንገድ ላይ በደንብ ፍሬን ትያዝ። ይህ ሁሉ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ሁለተኛ፣ ከመፈረሟ በፊት በራሷ ወጪ፣ ራሷ በመረጠችው ሜካኒክ ታስፈትሽ። ሻጩ ካልፈቀደ መልሱን አግኝታለች።

ሦስተኛ፣ መኪና ያለን አባላት የደብተራችንን ገጾች በአንድ ፋይል እናስቀምጥ። ምን ድምፅ እንደነበረ፣ መቼ እንደሚሰማ፣ መጨረሻ ላይ ምን ሆኖ እንደተገኘና ስንት እንደተከፈለ። ከሁለት ዓመት በኋላ አንዲት አዲስ ገዢ ስትጨነቅ የምታነበው ነገር ይኖራታል። ደጋፊዎቻችንም የሰጡን ገንዘብ በግምት እንዳልወጣ በጽሑፍ ያያሉ።

እናቴ አሁንም አብራኝ ስትሄድ ገና ከመግባቷ ሬዲዮውን ታጠፋለች። መጀመሪያ ላይ ተግሣጽ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ወር ወደ ሶደሬ ስንሄድ ግን መንገድ ላይ ጆሮዋን ቀስራ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለችኝ። ቆምን፤ የኋላውን ሻንጣ ከፈትኩ። ለመዝናኛ የያዝነው የውኃ ጀሪካን ክዳን ላልቶ ይንኳኳል። ሳቅንና አጠበቅነው። ደብተሩ ላይ ግን ከነቀኑ ጻፍኩት፤ ወጪ፦ ዜሮ።